የሰዓት ሽግሽግ እና ማኖር፦ የቤት ቪዲዮ መቅጃ ከቴሌቪዥን ጋር የገባው ውል

በቴሌቪዥን ታሪክ ላይ በሚጻፉ ሥራዎች የቤት ቪዲዮ መቅጃ በአብዛኛው የሚነሣው በሁለት ጉዳዮች ነው፤ እነሱም ቤታማክስ እና ቪኤችኤስ የተባሉት የካሴት ዓይነቶች ያደረጉት የገበያ ፉክክር እና የካሴት ኪራይ ለፊልም ኩባንያዎች ያስገኘው ያልተጠበቀ ገቢ ናቸው። ሁለቱም የሚገባቸው ስፍራ ቢኖራቸውም፣ መሣሪያው መጀመሪያ ለገበያ የቀረበበትን ተግባር፣ ይኸውም ጣቢያ የሚያሰራጨውን ፕሮግራም ተመልካቹ በገዛ ቤቱ ቀድቶ በፈለገው ጊዜ እንዲያየው ማስቻልን፣ ይጋርዱታል። ይህ ተግባር ሲመረመር ደግሞ በውስጡ ሁለት ድርጊቶች ተጣብቀው ይገኛሉ። የመጀመሪያው የሰዓት ሽግሽግ ነው፤ ምሽት ላይ የተላለፈን ፕሮግራም በማግስቱ ካዩ በኋላ ካሴቱን ለሌላ ቀረጻ መልሶ መጠቀም ማለት ነው። ሁለተኛው ማኖር ነው፤ የተቀዳውን ሳይደመስሱ፣ ርእስ ጽፈውበት፣ መደርደሪያ ላይ ማቆየት። በፍርድ ቤትም በገበያም ክርክሩ የተካሄደው በአመዛኙ በመጀመሪያው ላይ ነበር፤ ዘግይቶ ሲታይ ግን የበለጠ ክብደት ያገኘው ሁለተኛው ሆኗል። (ከአንድ የኢትዮጵያ አዋጅ በስተቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።)

ሰዓትን ማሸጋሸግ ራሱ የቤት መሣሪያው የፈጠረው ነገር አልነበረም። በአሜሪካ ምሥራቅና ምዕራብ ዳርቻዎች መካከል የሦስት ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ምሽት ላይ በቀጥታ የሚነበብ ዜና ሎስ አንጀለስ የሚደርሰው ገና ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሳይመለስ ነበር። ለዚህ ችግር የተገኘው የመጀመሪያ መላ ኪኒስኮፕ የሚባለው ዘዴ ነው፤ የፊልም ካሜራ በቴሌቪዥን መስተዋት ፊት ተደቅኖ ምስሉን ያነሣል፣ ፊልሙም በጥድፊያ ታጥቦ ሰዓቱ ሲደርስ ይሰራጫል፤ ውጤቱ ደብዛዛ፣ ወጪውም ከባድ ነበር። በካሊፎርኒያ የሚገኘው አምፔክስ ኩባንያ፣ ቻርልስ ጊንስበርግ በመሩትና ኋላ በድምፅ ቴክኖሎጂ ስመ ጥር የሆኑት ሬይ ዶልቢ በወጣትነታቸው በተሳተፉበት ቡድን የተሠራውን የቪዲዮ ቴፕ መቅጃ በአፕሪል 1956 ቺካጎ ላይ ለጣቢያ ባለቤቶች አሳየ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 30 ቀን ደግሞ የሲቢኤስ ጣቢያ የዳግላስ ኤድዋርድስን የምሽት ዜና በዚሁ መሣሪያ ቀድቶ ለምዕራብ ዳርቻ ተመልካቾች በራሳቸው ምሽት አቀረበ። መሣሪያው ወደ 50,000 ዶላር ይጠጋ ስለነበረ በግለሰብ ቤት ይገኛል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። የቪዲዮ ቴፕ ለንግድ ሥራ የዋለው፣ እንግዲህ፣ ከመጀመሪያው ለሰዓት ሽግሽግ ነበር፤ ሰዓቱን የሚያሸጋሽገው ግን ጣቢያው ሲሆን፣ ተመልካቹ የሚያየው መቼ እንደሆነ የሚወሰነው በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ በፊልም ኩባንያዎችና በመሣሪያ አምራቾች መካከል የተነሣው ክርክር በዚህ ዓይን ሲታይ፣ ስለ አዲስ ድርጊት ሕጋዊነት ሳይሆን የቆየ ሥልጣን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስለ መተላለፉ የተደረገ ክርክር ነበር ማለት ይቻላል።

ሥልጣኑ እንዲተላለፍ መሣሪያው ማነስና መርከስ ነበረበት፤ ይህ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ድምፅን ለመቅዳት በሰከንድ እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት መያዝ ይበቃል፤ ምስልን ለመቅዳት ግን በሰከንድ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ መዋዠቅ መያዝ ያስፈልጋል። ሄድ የሚባለው፣ ማግኔታዊውን መልእክት በቴፑ ላይ የሚጽፈውና መልሶ የሚያነበው ክፍል፣ ያን ያህል ብዙ መልእክት ለመጻፍ በቴፑ ላይ እጅግ መፍጠን አለበት፤ ቴፑን ራሱን በዚያ ፍጥነት ማስሮጥ ቢሞከር ደግሞ ለአንድ ሰዓት ፕሮግራም ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሆን ቴፕ ይጠይቃል። መፍትሔው ቴፑን ማስሮጥ ሳይሆን ሄዱን ማሽከርከር ሆነ። በቤት መሣሪያዎች ላይ ቴፑ በፍጥነት በሚሽከረከር ከበሮ ዙሪያ ዘንበል ብሎ ይጠመጠማል፤ በከበሮው ላይ ፊትና ኋላ የተቀመጡት ሁለት ሄዶችም ቴፑን ከዳር እስከ ዳር በሰያፍ እያቋረጡ፣ በእያንዳንዱ ሰያፍ መስመር ላይ የምስሉን ግማሽ ይጽፋሉ። በአሜሪካ በተሸጡት የቪኤችኤስ መሣሪያዎች ከበሮው በደቂቃ 1,800 ጊዜ ይዞራል፤ ቴፑ በሰከንድ ከ3 ሴንቲሜትር ብዙም ሳያልፍ እያዘገመ፣ ሄዱ ግን በላዩ ላይ በሰከንድ 5.8 ሜትር ገደማ ይሮጣል። በእጅ የሚያዝ ካሴት ሁለት ሰዓት ምስል ሊሸከም የቻለው በዚህ ነው፤ ለዚህም የተከፈለው ዋጋ የምስሉ ጥራት ሲሆን፣ ቀጫጭን ዝርዝሮች ይጠፋሉ፣ ቀለምም በተለይ ቀዩ ከጠርዙ ይፈስሳል። ተመልካቾች ይህን ጉድለት ያለ ብዙ ቅሬታ መቀበላቸው፣ ከምስሉ ጥራት ይልቅ ለሰዓታቸው ነጻነት የሰጡትን ዋጋ ያሳያል።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድም ቀጥተኛ አልነበረም። ሶኒ በ1971 ለገበያ ያቀረበው ዩማቲክ ካሴት ለቤት ታስቦ ቢነሣም ከክብደቱና ከዋጋው የተነሣ በትምህርት ቤቶችና በጣቢያዎች ቀረ። በ1972 ፊሊፕስ በአውሮፓ ያወጣው ኤን 1500 የተባለው መሣሪያ የራሱ የጣቢያ መቀበያና በተወሰነ ሰዓት ቀረጻ የሚያስጀምር የሰዓት መቅጠሪያ ነበረው፤ ባለቤቱ በሌለበት ፕሮግራም ለመቅዳት የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች በአንድ ሣጥን ውስጥ የተገኙት በዚህ ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የወጣው ካርትሪቪዥን ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄደ፤ ለኪራይ የቀረቡት ቀይ ካሴቶቹ በደንበኛው መሣሪያ ላይ ወደ ኋላ እንዳይጠነጠኑ ተደርገው ስለተሠሩ፣ ፊልሙን ዳግም ማየት የሚፈልግ ሰው ካሴቱን ወደ ሱቅ መልሶ በድጋሚ መክፈል ነበረበት። ካርትሪቪዥን ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ ግን ሞኝነት ነበር ብሎ ማለፍ ያስቸግራል፤ ተመልካቹ ያየውን ነገር በእጁ እንዳያስቀር የማድረግ ሐሳብ ከጊዜው ቀድሞ የመጣ እንጂ የተሳሳተ አልነበረም።

ሶኒ ቤታማክስን በ1975 በጃፓን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በአሜሪካ ለገበያ አቀረበ። የመጀመሪያው የአሜሪካ ሞዴል ከቴሌቪዥን ጋር በአንድ የእንጨት ሣጥን የተገጠመ ሲሆን ዋጋው ከ2,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት መቅጃው ብቻውን ሲቀርብ ወደ 1,300 ዶላር ወረደ። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆኑት አኪዮ ሞሪታ ምርቱን ሲያስተዋውቁ የተጠቀሙበት ቃል የሰዓት ሽግሽግ የሚለው ነበር። በ1976 ለማስታወቂያ የተመረጠው ምሳሌም፣ ኮጃክ የተባለውን የፖሊስ ድራማ የሚያይ ሰው ኮሎምቦን እንደማያጣ፣ ኮሎምቦን የሚያይም ኮጃክን እንደማያጣ የሚገልጽ ነበር። ማስታወቂያው አንድ ችግር ነበረበት፤ ሁለቱም ድራማዎች ዩኒቨርሳል የተባለው የፊልም ኩባንያ ሥራዎች ነበሩ።

በዚያው ዓመት መገባደጃ ጄቪሲ የተባለው ሌላው የጃፓን ኩባንያ ቪኤችኤስን አወጣ። ስለ ሁለቱ ፉክክር ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ አንድ ነጥብ ግን ለጉዳዩ ይቀርባል። የመጀመሪያው የቤታማክስ ካሴት የሚይዘው አንድ ሰዓት ሲሆን ቪኤችኤስ ሁለት ሰዓት ይይዝ ነበር፤ አርሲኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1977 በራሱ ስም መሸጥ የጀመረው የቪኤችኤስ መሣሪያ ደግሞ ቴፑን ቀስ አድርጎ በማስኬድ አራት ሰዓት ይቀዳ ነበር። አንድ ሰዓት ለአንድ ድራማ ይበቃል እንጂ ለፊልም አይበቃም፤ ከሦስት ሰዓት ለሚያልፈው የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታማ ጭራሽ አይታሰብም። ባለቤቱ ቤት በሌለበት የሚቀዳ መሣሪያ ደግሞ ካሴት የሚቀይርለት ሰው የለውም። ሶኒ የቀረጻውን ርዝመት ኋላ ቢያሻሽልም፣ ገዢው ሰፋ ያለውን ካሴት የመረጠው የምስሉን ጥራት ሳይሆን የሳምንቱን የፕሮግራም ዝርዝር ይዞ ይመስላል።

ዩኒቨርሳል እና ዋልት ዲዝኒ በኖቬምበር 1976 በሎስ አንጀለስ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። በክሱ ሶኒን ብቻ ሳይሆን የማስታወቂያ ድርጅቱን፣ መሣሪያውን የሸጡ መደብሮችን እና አንድ ተራ ተጠቃሚን ጨምረው ከሰሱ፤ ተጠቃሚው የተጨመረው ገንዘብ ሊጠየቅ ሳይሆን፣ በቤቱ የሚቀዳ ሰው ሕግ ጥሷል ካልተባለ አምራቹን ተጠያቂ ማድረግ ስለማይቻል ነበር። የክሱ አወቃቀር አጋዥ ጥሰት በሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም መብቱን በቀጥታ የጣሰው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ለጥሰቱ መሣሪያ ያቀበለው አካል አብሮ እንዲጠየቅ የሚያደርግ መርህ ነው። የዩኒቨርሳል እናት ኩባንያ በዚያን ጊዜ ዲስኮቪዥን የተባለ የራሱን የምስል ዲስክ እያዘጋጀ እንደነበርም ማስታወስ ይገባል፤ ይህ ዲስክ ያጫውታል እንጂ አይቀዳም። ኩባንያው ሰው በቤቱ ፊልም እንዳያይ አልፈለገም፤ የፈለገው እያንዳንዱ ቅጂ ከእርሱ እጅ እንዲወጣ ነው።

ዳኛ ዋረን ፈርጉሰን በ1979 ለሶኒ ፈረዱ። በቤት ውስጥ፣ ለንግድ ሳይሆን፣ በነጻ ከሚሰራጭ ጣቢያ መቅዳት ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው አሉ፤ ፍትሐዊ አጠቃቀም ማለት ባለመብቱ ሳይፈቅድ እንኳ ሥራውን በተወሰነ ሁኔታ መጠቀምን ሕጉ የሚታገሥበት ደንብ ሲሆን፣ በ1976ቱ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ አራት መመዘኛዎች ተዘርዝረውለታል። በ1981 የይግባኙ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ ተመልካቹ በሥራው ላይ አዲስ ነገር ሳይጨምር እንዳለ ስለሚገለብጥ ፍትሐዊ ሊባል አይችልም፣ ሶኒም ተጠያቂ ነው የሚል ነበር። ከዚህ በኋላ ጉዳዩ በፍርድ ቤትም በምክር ቤትም በአንድ ጊዜ ይካሄድ ጀመር። የፊልም ኩባንያዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጃክ ቫለንቲ በ1982 ለምክር ቤቱ ኮሚቴ ቃላቸውን ሲሰጡ፣ የቪዲዮ መቅጃውን ብቻቸውን ቤት ያሉ ሴቶችን አንቆ ከሚገድል የቦስተን ወንጀለኛ ጋር አመሳሰሉት፤ ንጽጽሩ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፣ የሚጠቀሰው ግን ተናጋሪው እንዳሰቡት አይደለም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክሩን በጃንዋሪ 1983 ሰማ፤ ሊወስን ባለመቻሉ በኦክቶበር እንደገና አስከራከረ። በኋላ ለተመራማሪዎች ክፍት ከሆኑት የዳኞች የግል ሰነዶች እንደሚታየው፣ ከመጀመሪያው ክርክር በኋላ የአብላጫው ዝንባሌ ሶኒን የሚጎዳ ነበር። ጃንዋሪ 17 ቀን 1984 የወጣው ውሳኔ ግን 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ለሶኒ ሆነ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ፣ ከባለፈጠራ መብት ሕግ የተዋሱትን መርህ ተጠቅመው፣ ሕጋዊ የሆነ ጉልህ አገልግሎት ያለውን ዕቃ የሸጠ ሰው፣ አንዳንድ ገዢዎች በዕቃው ሕግ ስለጣሱ ብቻ አይጠየቅም አሉ። ሕጋዊውን አገልግሎት ለማሳየት የቀረቡት ማስረጃዎች ትኩረት የሚስቡ ናቸው። የከሳሾቹ ድርሻ ከጠቅላላው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ከ10 በመቶ በእጅጉ ያነሰ መሆኑ ተረጋገጠ፤ የስፖርት ማኅበራት ተወካዮች ጨዋታቸው በቤት ቢቀዳ እንደማይቃወሙ መሰከሩ፤ የሕጻናት ፕሮግራም አዘጋጁ ፍሬድ ሮጀርስም ቤተሰቦች ፕሮግራማቸውን ቀድተው በሚመቻቸው ሰዓት ማየታቸውን እንደሚደግፉ ተናገሩ፤ ቃላቸውም በውሳኔው የግርጌ ማስታወሻ ገባ።

ከሁሉ በላይ ግን ክርክሩን የወሰነው መሣሪያው ለምን እንደሚያገለግል የተሰጠው ሥዕል ነው። ሁለቱም ወገኖች የዳሰሳ ጥናት አቅርበው ነበር። በከሳሾቹ ጥናት መሠረት ከባለንብረቶቹ 75.4 በመቶ የሚሆኑት በመሣሪያው ከሚቀዱት ግማሹን ወይም አብዛኛውን የሚቀዱት ለሰዓት ሽግሽግ ነበር፤ በሶኒ ጥናት ደግሞ 96 በመቶዎቹ ያመልጣቸው የነበረን ፕሮግራም ለማየት ቀድተውበታል። ይሁን እንጂ እነዚሁ ጥናቶች በቁጥር ቀላል የማይባሉ ሰዎች ካሴቶችን በቤታቸው እንደሚያከማቹም አሳይተዋል፤ ፍርድ ቤቱም ይህን መዝግቧል። ከመዘገበው በኋላ ግን አለፈው። አብላጫው ድምፅ የሰዓት ሽግሽግ ፍትሐዊ መሆኑን ሲያውጅ፣ ተቀድቶ የሚቀመጥ ካሴት፣ ማለትም የቤት ቤተ መጻሕፍት፣ ፍትሐዊ ይሁን አይሁን አልበየነም፤ መሣሪያው አንድ ጉልህ ሕጋዊ ጥቅም ካለው ለሽያጩ ይበቃልና ከዚያ በላይ መሄድ አላስፈለገውም። የተቃውሞውን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ሃሪ ብላክመን በዚህ በኩል ይበልጥ ቀጥተኛ ነበሩ፤ ገልባጩ ሐሳብ ሳይጨምር ለራሱ ምቾት ብቻ የሚያደርገው ቅጂ በሕጉ ውስጥ መጠለያ የለውም የሚል አቋም ያዙ። በሕግ ሎጂክ የስቲቨንስ ውሳኔ የተሻለ ቢሆንም፣ የተመልካቹን ድርጊት እንዳለ ያየው የብላክመን ጽሑፍ ነው ብሎ መፍረድ ይቻላል፤ ሰው ካሴት የሚገዛው ለመደምሰስ ብቻ እንዳልሆነ የተረዱት ብላክመን ናቸውና።

ገበያው ከፍርድ ቤቱ ቀድሞ ሄዶ ነበር። በ1980 መግቢያ ከመቶ የአሜሪካ ቤቶች በጣት በሚቆጠሩት ብቻ የነበረው መሣሪያ፣ አሥርቱ ዓመት ከማብቃቱ በፊት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ገባ። የፊልም ኩባንያዎቹ ከካሴት ያገኙት ገቢም የሲኒማ ቤቱን በለጠ። ሶኒ በ1988 እጁን ሰጥቶ የቪኤችኤስ መሣሪያ መሥራት ጀመረ፤ በ1989 ኮሎምቢያ የተባለውን የፊልም ኩባንያ ገዛ፤ በ1990 ደግሞ ማትሱሺታ፣ ማለትም በወቅቱ የጄቪሲ ባለቤት የነበረው ድርጅት፣ የዩኒቨርሳልን እናት ኩባንያ ጠቀለለ። የፊልም ኩባንያና የመሣሪያ አምራች በአንድ ጣራ ሥር ሲገቡ ክርክሩ የተረሳ ይመስል ነበር።

በቤት ውስጥ ግን ቀረጻ እንደ ማስታወቂያው ቀላል አልነበረም። የሰዓት መቅጠሪያውን ለመሙላት ቀኑን፣ የጣቢያውን ቁጥር፣ የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱን በትንንሽ ቁልፎች ማስገባት ያስፈልግ ነበርና፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ 12፡00 ተመልሶ የሚብለጨለጨው የመሣሪያው ሰዓት በአሜሪካ የቴክኖሎጂ ግራ መጋባት ምልክት ሆነ። በ1990 ጌምስታር የተባለ ኩባንያ ያወጣው ቪሲአር ፕላስ ይህን ለማቅለል የታሰበ ነበር፤ ጋዜጦች በፕሮግራም ዝርዝራቸው ከእያንዳንዱ ፕሮግራም አጠገብ አንድ ቁጥር ያትማሉ፣ ተመልካቹም ያንን ቁጥር ብቻ ያስገባል። በጀርመን በ1985 የተጀመረው ቪፒኤስ የተባለ ሥርዓት ከዚህ አንድ ደረጃ ይርቃል፤ ጣቢያው ከምስሉ ጋር የማይታይ ምልክት ስለሚልክ ፕሮግራሙ ቢዘገይ መቅጃውም አብሮ ይዘገያል። ልዩነቱ የመሐንዲስነት ብቻ አይመስልም። በጀርመን ጣቢያው ራሱ ተመልካቹ እንዲቀዳ ሲያግዝ፣ በአሜሪካ ገቢው በሙሉ ከማስታወቂያ የሚመጣው ጣቢያ ግን ማስታወቂያን በሪሞት የሚያሳልፍን ተመልካች ለማገዝ ምክንያት አልነበረውም።

በሕግ በኩልም አገሮች የተለያየ መንገድ ያዙ። ምዕራብ ጀርመን ከ1965 ጀምሮ መቅጃ መሣሪያዎች ላይ ለባለመብቶች የሚውል ክፍያ ጥላ ነበር፤ በ1985 ክፍያውን ወደ ባዶ ካሴቶች አስፋፋች። ለመቅዳት የሚከፈል ስለሆነ የቀዳው ሰው ካሴቱን ያኑር ይደምስስ የሚጠይቅ የለም። ብሪታንያ በ1988 ባወጣችው የቅጂ መብት ሕግ ደግሞ የሰዓት ሽግሽግን ለይታ ፈቀደች፤ ፈቃዱ የሚያገለግለው ግን በሚመች ሰዓት ለማየት ለሚደረግ የግል ቀረጻ ብቻ ስለሆነ፣ በቃሉ ከተሄደ የብሪታንያ ሳሎኖች መደርደሪያ በሕገ ወጥ ካሴት የተሞላ ነበር። የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 410/1996 የመጣው የካሴት ዘመን ሊያበቃ ሲል ነው፤ የታተመን ሥራ ለግል ጥቅም በአንድ ቅጂ ብቻ ማባዛትን ባለመብቱ ሊከለክል አይችልም የሚል ድንጋጌ ሲኖረው፣ የተወሰኑ የሥራ ዓይነቶችን ግን ከዚህ ያወጣል። በኢትዮጵያ ዴክ በሚል ስም የታወቀው መሣሪያ ያገለገለው ከቀረጻ ይልቅ ለማጫወት ነበር፤ ለብዙ ዓመታት አንድ ብሔራዊ ጣቢያ ብቻ በነበረበት አገር አንዱን እያዩ ሌላውን መቅዳት የሚባል ጥያቄ አይነሣም። ከአሜሪካ የሚላክ የሠርግ ካሴትም ችግር ነበረበት፤ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ሥርዓት 525 መስመርና በሰከንድ 30 ምስል ሲጠቀም፣ የኢትዮጵያው ፓል ግን 625 መስመርና 25 ምስል ስለሚጠቀም፣ ሁለቱንም የማይቀበል ዴክ ካሴቱን በትክክል አያጫውተውም።

ወደ ማኖር ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ጣቢያዎች ራሳቸው ያሰራጩትን አላኖሩም ነበር፤ ቴፕ ውድ ስለ ነበረ በላዩ ላይ ደጋግመው ይቀዱበታል። የብሪታንያው ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙ ፕሮግራሞችን ደምስሷል፤ ዶክተር ሁ ከተባለው ተከታታይ ድራማ የጠፉት ክፍሎች ድምፅ ዛሬ ሊገኝ የቻለው፣ የቤት ቪዲዮ ገና ሳይኖር በድምፅ መቅጃ የቀዱ ተመልካቾች ስላኖሩት ነው። በአሜሪካም ናሽቪል የሚገኘው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ከኦገስት 5 ቀን 1968 ጀምሮ የምሽት ዜናዎችን ከአየር ላይ መቅዳት የጀመረው ጣቢያዎቹ የዜና ቴፖቻቸውን ለረጅም ጊዜ እንደማያስቀምጡ በመታወቁ ነበር፤ ሲቢኤስ በ1973 ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰ፣ የ1976ቱ ሕግ ግን ቤተ መጻሕፍት ዜና እንዲቀዱ በመፍቀዱ ክሱ ቀረ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ ሕጉ ለቤተ መጻሕፍት የማኖርን መብት በግልጽ ሲሰጥ፣ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ለተራው ተመልካች የማሸጋሸግን መብት ብቻ በግልጽ ሰጠ፤ በመካከላቸው የቀረው፣ በቤቱ የሚያኖር ሰው፣ ስም አልወጣለትም።

ያ ሰው ማን እንደሆነ በጉልህ ያሳዩት የፊላደልፊያዋ ማሪየን ስቶክስ ናቸው። ቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበሩት ስቶክስ፣ አሜሪካውያን በቴህራን ከታገቱበት ከ1979 ጀምሮ በዲሴምበር 2012 እስከሞቱበት ዕለት ድረስ በርካታ መቅጃዎችን ጎን ለጎን እያሠሩ የዜና ጣቢያዎችን ሌት ተቀን ቀዱ። የተዉት ካሴት ወደ 70,000 ይደርሳል። በአንድ ሰው ቤት የተሠራው ይህ ስብስብ ጥቅሙ የሚታየው፣ ጣቢያዎች የሚያኖሩት የተመረጠውን መሆኑ ሲታሰብ ነው፤ ማስታወቂያው፣ የተሳሳተው የመጀመሪያ ዘገባ፣ በመሐል የገባው የአየር ትንበያ በጣቢያ ማኅደር ውስጥ ብዙም ቦታ የላቸውም፤ በካሴቱ ላይ ግን ሁሉም በመጡበት ቅደም ተከተል ይገኛሉ። የስቲቨንስ ውሳኔ በቃሉ ሲነበብ ይህን ሥራ አልፈቀደውም፤ መሣሪያው በሱቅ እንዲቆይ በማድረጉ ግን አስቻለው።

ዲጂታሉ ዘመን ሲመጣ የፊልም ኩባንያዎች ሁለቱን ድርጊቶች መለየት ተማሩ። በ1998 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ አዳዲስ ቪዲዮ መቅጃዎች በሙሉ ማክሮቪዥን ለተባለው ቅጂ ከልካይ ምልክት እንዲታዘዙ አዘዘ፤ ምልክቱ የመቅጃውን የብርሃን መጠን መቆጣጠሪያ እያወከ የተቀዳው ምስል እንዲደምቅና እንዲደበዝዝ የሚያደርግ ነው። ያው ሕግ ምልክቱ በነጻ በሚሰራጭ የአየር ፕሮግራም ላይ እንዳይደረግ ከለከለ፤ የሰዓት ሽግሽጉ መብት ተጠበቀ ማለት ነው። በ1999 ገበያ የገባው ቲቮ ፕሮግራሙን በካሴት ፈንታ በመሣሪያው ውስጥ ባለ ዲስክ ላይ ይቀዳል፤ ሰዓት ማሸጋሸጉ ቀለለ፣ ዲስኩ ሲሞላ ግን አሮጌው ቀረጻ ይደመሰሳል። ኬብልቪዥን የተባለው የኬብል ኩባንያ ዲስኩን ከደንበኛው ቤት ወደ ራሱ ሕንጻ ሲያዛውር በ2008 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሕጋዊ ነው አለ፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ ቅጂ ተቀምጧልና። በኢንተርኔት በሚቀርበው አገልግሎት ደግሞ ተመልካቹ የሚቀዳው ነገር ጨርሶ የለም፤ በፈለገው ሰዓት ያያል፣ ኩባንያው ውሉ አብቅቶ ፕሮግራሙን ያነሣ ዕለት ግን በእጁ የሚቀር ነገር አይኖርም። በ1972 በቀዩ ካሴት ተሞክሮ የከሸፈው ሐሳብ በዚህ መልክ ተመለሰ፤ ተቃውሞ ያልገጠመው የሰዓት ነጻነቱ አብሮ ስለተሰጠ ነው።

ሶኒ የቤታማክስ ካሴት ማምረት ያቆመው በማርች 2016 ሲሆን፣ የቪኤችኤስ መቅጃ ማምረት የቀጠለው የመጨረሻው ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በዚያው ዓመት ጁላይ ሥራውን ዘጋ። በየቤቱ የቀሩት ካሴቶች ማግኔታዊ ልባሳቸው ከዓመት ዓመት እየደከመ ነው፤ የሚያነቧቸው ዴኮችም የሚለወጥላቸው አዲስ ሄድ ስለማይገኝ ከሌላ አሮጌ ዴክ በሚወጣ መለዋወጫ ይጠገናሉ። የስቶክስ ስብስብ ኢንተርኔት አርካይቭ ወደተባለው የዲጂታል ማኅደር ተወስዷል፤ ወደ ዲጂታል እንዲገለበጥም ታቅዷል፤ የቪዲዮ ካሴትን እንደ ኮምፒውተር ፋይል በፍጥነት መገልበጥ ስለማይቻል፣ ስድስት ሰዓት የተቀዳበት እያንዳንዱ ካሴት ስድስት ሰዓት ሙሉ መጫወት አለበት።